ታንኳዋን የያዘልኝ

ከውኃ ላይ ጥሩ ፎቶ ለማንሣት እጅህ ካልተንቀጠቀጠ ይበቃል ይላሉ፣ ሐሰት ነው። እጅህ ድንጋይ ቢሆን የተቀመጥህባት ታንኳ ድንጋይ አይደለችም፣ አንተ ትንፋሽህን ስትይዝ እሷ ትተነፍሳለች። ይህን የምነግርህ ጨሌ በሚያጠልቁ ሰዎች ስስቅ የኖርሁ፣ ሐይቅ ሁሉ ባለቤት አለው ሲሉኝ «ግብር ይከፍላል ወይ?» እያልሁ የማበሽቅ ሰው ነኝ፣ ዛሬም እስቃለሁ።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ቆሰበር ከተማ ሳስተምር ካሜራ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ፣ ስለዚህም አያ ካሳ አስጠሩኝ። ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ፣ አሁን ግን እግራቸው አብጦ ሁለት ሰው ካልተሸከማቸው ኮርቻ ላይ አይወጡም፣ ልጃቸው ሐረር ወታደር ነው፣ ስድስት ዓመት አልተያዩም።

«ሞቴን በደብዳቤ መስማቱ አይቀርም፣» አሉኝ፣ «ከዚያ በፊት ፈረስ ላይ እንዳለሁ ይየኝ።»

ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር፣ ዕድሜ ልካቸውን ፈረስ ካጠጡበት። ሁለት ሰው ተሸክሞ ኮርቻ ላይ አወጣቸው፣ ፈረሱ ወደ ውኃው ዞሮ ቆመ፣ እኔ ከኋላ ካሜራዬን ደገንሁ።

«የፈረሴን ቂጥ ነው ለልጄ የምትልክለት?»

«እንግዲያው ያዙሩት።»

«ውኃ ሊጠጣ የመጣን ፈረስ ማን ያዞረዋል? አንተ ዙር!»

ዞርሁ፣ ከጣና ዳር መጥቶ እዚያ የሚቀዝፍ ጥሩነህ የሚባል ልጅ ታንኳውን አቀረበልኝና ወደ ውስጥ ቀዘፈ። ቀኑ ደመና ነበር፣ በደመና ቀን ደግሞ ያ አሮጌ ካሜራ ብርሃን እስኪጠግብ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልህ ከፍተህ መጠበቅ አለብህ፣ በዚያ ላይ ነፋስ። ከቀሩኝ አራት ፎቶዎች ሦስቱን አነሣሁ፣ ሦስቱም ሲበላሹ ታወቀኝ። አንድ ቀረኝ። አያ ካሳ ከዳር ሆነው «ከወረድሁ ዳግም አልወጣም፣ ፍጠን!» ይሉኛል፣ ፊታቸው በሕመም አመድ መስሏል።

ያኔ ከታንኳዋ ሥር ሰማሁት፣ ሰው የፈረስ አንገት በመዳፉ ሲያባብል ዓይነት፣ ቸብ፣ ቸብ።

«ጥሩነህ፣ መቅዘፊያውን አርፈህ ያዝ!»

«ጋሼ፣ መቅዘፊያውማ ጭኔ ላይ ነው።»

ታንኳዋም ቆመች። እመነኝ፣ ነፋሱ ጆሮዬን ይገርፈዋል፣ ማዕበሉ እየመጣ ጎኗን መትቶ ያልፋል፣ እሷ ግን አውድማ ላይ የተቀመጠች ይመስል ንቅንቅ አላለችም። ከዳር ፈረሱ መጠጣቱን ትቶ ጆሮውን ቀሰረ፣ የሚያየውም እኔን አልነበረም፣ ከእኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ወደ ታች እንዳያዩ፣» አለኝ ጥሩነህ በሹክሹክታ።

«ለምን? ምን አየህ?»

«እኔም አላየሁም።»

ዝቅ ብዬ ላይ ነበር፣ አንገቴን ማዘንበል ሁሉ ጀምሬ ነበር፣ ግን የቀረኝ አንድ ፎቶ፣ የሽማግሌውም ጉልበት የአንድ ፎቶ ያህል ነው። ከፈትሁ፣ እስከ አራት ቆጠርሁ፣ ዘጋሁ። ስዘጋ ታንኳዋ ተለቀቀች፣ ልትገለብጠን ምንም አልቀራትም።

ፊልሙን ራሴ አጠብሁት፣ የፈረሱ ጋማ ተለቅሞ ይቆጠራል፣ እንዲያ የጠራ ፎቶ ከዚያ በፊትም በኋላም አላነሣሁም። ሐረር ተላከ፣ ልጁም አየው። አያ ካሳ በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ አረፉ።

የሚከነክነኝ ግን ዳር ስንደርስ ያሉኝ ነው፣ ከፈረሱ እያወረዷቸው ዘወር ብለው፣ «ታንኳዋን የያዘልህን ሰውዬ ለምን ጥለኸው መጣህ? ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ነው፣ ይበርደዋል እኮ፣» አሉኝ። ጥሩነህ ግን ቀደም ብሎ እዚያው ቦታ ላይ ረጅም ዘንግ ወደ ውኃው ሰዶ መሬት አላገኘም ነበር።

ሕመም ያስቃዣል በለኝ፣ እሺ፣ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ እኔም ይህንኑ ብያለሁ። ታንኳዋንስ ምን አሟት ቆመች? አልፈራሁም፣ አሁንም አላምንም፣ ከዚያ ወዲህ ታንኳ ላይ አለመውጣቴ ግን እውነት ነው።

ስለዚህ ካሜራ ካለህ ዘንገና ሂድልኝ፣ ታንኳዋ ስትቆምልህ ፎቶውን ተወውና ወደ ታች ተመልከት፣ ያየኸውንም መጥተህ ንገረኝ።