ነቀምትን ሳያልፍ የደረሰው አውሮፕላን

ይህ ወሬ አይደለም፤ በእኔ የደረሰ ነው። ማመን የማይፈልግ ይለፈው።

ዘመኑ 1987 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት፣ ቦታው አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ ባንዲራ እንጂ ወንበር የሌለው ቢሮ ይበዛ ነበር። እኔ የሜዳው ዘበኛ ነበርኩ።

ባለቤቴ ጠጂቱ ሆዷ በበሽታ አብጦ ዛፍ ጥላ ሥር ተኝታለች። አዲስ አበባ ካልደረሰች አትተርፍም ተብያለሁ። በመኪና ሁለት ቀን ነው፤ አትችለውም። በአየር ግን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው።

የሬዲዮ ሠራተኛው ምንያህል በመስኮት ብቅ አለ።

"ጋሽ ደባልቄ፣ አውሮፕላኑ አሁን ከአዲስ አበባ ተነሣ!"

አፉን ሳይዘጋ... ከሰማይ ድምፅ መጣ።

አውሮፕላን ነው። ሜዳውን አንዴም ሳይዞር አረፈ።

"ምን ዓይነት ነፋስ ነው የገፋው?" ብሎ ምንያህል ሳቀ። ሳቁ ቶሎ ጠፋ።

ከሜዳው አህያ የሚያባርርልን፣ አማርኛ ገና ያልጠናለት ዐወድ ዱላውን እንደያዘ ተጠጋኝ።

"ጋሼ... አህያ አልሸሸም። ጠጂቱ አይሂድ። ወላሂ፣ ልክ አይደለም።"

እውነቱን ነው። አህዮቹ ክንፉ ሥር ሣር ይግጣሉ። አቧራም አልተነሣም።

"ሚስቴ እየሞተች ከአህያ ጋር ልማከር?" አልኩት።

አዝያት ሄድኩ።

የወረደ ሰው የለም። ተሳፋሪው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል። በዚያ ሙቀት አንድም ያላበው አላየሁም...

አስተናጋጇ ጠጂቱን ከጀርባዬ ተቀበለች።

"ቶሎ... አንድ ቦታ ብቻ ነው።"

"ባሏ ነኝ። ቆሜም እሄዳለሁ።"

"አንድ ቦታ ብቻ።"

ጠጂቱ እጄን ጨበጠች።

"ደባልቄ... ማንም አይተነፍስም።"

በሩ ተዘጋ።

አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ሲገባ ምንያህል ጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጋሼ... አብራሪው ነቀምት ላይ ነኝ ይላል።"

"አሁን ሄዶ? እንዴት ደረሰ?"

"የሄደው አይደለም..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሚመጣው ነው።"

በሰዓቱ መጣ። አህዮቹ በረገጉ፤ አቧራው አፈነን። ተሳፋሪው ተራ በተራ ወረደ።

ከሁሉም በኋላ... ጠጂቱ።

ሆዷ ጎድሏል። በእግሯ ቆማ ትስቃለች።

"ዳንኩልህ" አለችኝ።

ሰፈሩ ሁሉ እንኳን እግዜር ማረልህ አለኝ። አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ዛሬም አብረን ነን። እኔ አርጅቻለሁ። እሷ አንድ ፀጉር አልሸበተባትም።

አንዳንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ጥርት ባለው ሰማይ ምንም ሳይታይ የሞተር ድምፅ ያልፋል። ከውስጡ ሴት ትጮኻለች...

"ደባልቄ! አውርደኝ!"

ቤት ያለችው ቀስ ብላ ተነሥታ መስኮቱን ትዘጋለች።

"አትስማት" ትለኛለች።