ጠብቆ ይነበብ

የዋሻው ግድግዳ ትናንት የተነገረውን ዛሬም ይዞ ነበር። በጨው ምድር ከተማ ይህ ማንንም አያስደንቅም። ከመሬት ሆድ የሚወጣው እንፋሎት ግድግዳ ላይ ሲቀዘቅዝ የጨው ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ሳይጠነክር አጠገቡ የተነገረ ቃል ደግሞ ንዝረቱን ጥሎበት ያልፋል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የዶሮ እግር እንደሚቀረው። የሠፈሩ ሰዎች ሐሜት ሲያምራቸው «ኧረ ከግድግዳው ፈቀቅ እንበል» ይባባላሉ።

ትርንጎ እንዲህ ያለውን ግድግዳ ፎቶ ስታነሳ ነው ዕድሜዋን የገፋችው። አደጋ ወይም ወንጀል የደረሰበትን ቦታ፣ የሰው እጅ ሳይነካካው፣ እንዳለ በፎቶ መሰነድ እንጀራዋ ነው። «ካሜራማ ዓይን ብቻ ነው» ትላለች ሁልጊዜ፤ «ሥራውን የሚሠሩት ጓዞቹ ናቸው።»

ያን ዕለት ጠዋትም ጓዟን ይዛ ገባች። ዋሻው እንደ ድስት ይፍለቀለቃል፤ የገዛ እጅ እንኳ አይታይም። አማተበችና ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን ዘረጋች። በእግሮቹ ውስጥ የሚዞረውን ቀዝቃዛ ውሃ ከፈተችለት፤ አለዚያ ጨዉ ይዞ ያስቀራቸዋል። ከሌንሱ ፊት ጉም ገላጩን ሰካች። ጉም ገላጭ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ እንፋሎቱን እንደ መጋረጃ ወዲያና ወዲህ የሚከፍት ቀለበት ነው። በላዩ ላይ ቃል ለቃሚውን ደረበችበት፤ ይኼኛው ቅርፊቱ ላይ የቀረውን ንዝረት በብርሃን ዳስሶ፣ የተነገረውን በፊደል የሚጽፍ ነው። መለኪያ ዘንጓን ግድግዳው ሥር አጋደመችና ፎቶ ማንሳት ጀመረች።

ትናንት እዚህ የእንፋሎት ቧንቧ ፈንድቷል። ውስጥ የነበሩት ሁለት ናቸው። የፈረቃው አለቃ ደምሰው ከዋሻው ጎን መውጫ በር ደጃፍ ላይ ተዘርግቶ ተገኘ፤ ሐኪም ቤት ተኝቷል፣ እስካሁን ራሱን አያውቅም። ጓደኛው ሐመዱ ግን ደብዛው ጠፍቷል። ወደ ጥልቁ ክፍል የሚያስገባው፣ በቃል የሚታዘዘው ትልቁ የብረት በር ተዘግቷል፤ ከበስተኋላው ያለውን ማንም አያይም፣ የትኛውም መሣሪያ ያንን የጋለ ጨው ዘልቆ አይሄድም።

ቃል ለቃሚው ሲዳስስ ሲዳስስ ቆይቶ በትንሿ መስኮቱ ላይ ጻፈ፦

አትዝጋ ሐመዱ አለ

«ይኸው!» አለ ከኋላዋ ቆሞ ያነበበው ኢንስፔክተር ወንድይፍራው። «እጅ ከፍንጅ! ‹አትዝጋ› ሐመዱ አለ። አየሽ እትዬ ትርንጎ? እንፋሎቱ እየመጣ በሩን አትዝጋ እያለ አዘገየና አለቃውን አስጠበሰ። ከዚያ በጎን ሾልኮ እብስ!»

«ሾልኮም ቢሆን እስትንፋሱ ካለች ደግ ነው» አለች።

«አንቺ ደግሞ ለጥፋተኛም ጸሎት አታጪም። በይ አሁን ‹ቦታው ተሰንዷል፣ ሰው የለበትም› ብለሽ ጣትሽን አሳርፊልኝ። ቀትር ላይ ፈሳሽ ድንጋዩ ይለቀቃል።»

ወንድይፍራው ክፉ ሰው አልነበረም። ፍንዳታው የተወው ስንጥቅ በፈሳሽ ድንጋይ ካልተደፈነ ወደ ከተማው ሥር እየሰፋ ይሄዳል። ከተደፈነ ግን ከብረቱ በር ኋላ ያለው ሁሉ አብሮ ድንጋይ ይሆናል።

«አንድ ፎቶ ይቀረኛል።»

«አንቺ መቼ ነው አንድ የማይቀርሽ? ልጅሽን ስትድሪም ቄሱን ‹አንድ ይቀረኛል› እያልሽ አስቁመሻል አሉ።»

«ፎቶው አላማረም?»

ሳቀና ሄደ።

የመቆሚያው ማቀዝቀዣ ውሃ እያለቀ ስለነበር ሌላ ልታመጣ ወጣች። ሰው እንዳይገባ ከተወጠረው ገመድ ወዲያ የሐመዱ እህት ዘህራ ቆማለች። ከትናንት ጀምሮ ከዚያ አልተነቃነቀችም፤ ሰው በወጣ ቁጥር የምትጠይቀው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረቻት።

«እትዬ፣ ወንድሜ አለ?»

ትርንጎ ‹ሸሸ› ለማለት አፏ እምቢ አላት። ከምዋሽ ያገኘነውን ልንገራት ብላ፣ «እኔ እንጃ እህቴ። ግድግዳው ላይ የቀረው፣ ‹አትዝጋ› ሐመዱ አለ፣ የሚል ብቻ ነው» አለቻት።

ቃሏን ሳትጨርሰው የገዛ ጆሮዋ ያዛት። የዘህራ ‹አለ› ጠብቋል፤ የእሷ ‹አለ› ላልቷል። አንደኛው መኖር ነው፣ ሌላው መናገር። ፊደሉ መንትያ ነው፤ የሚለያቸው ምላስ ‹ለ› ላይ ትንሽ ቆየት ማለቷ ነው። መስኮቱ ላይ የተጻፈው የትኛው ነበር?

«ምነው እትዬ? ምን ሆንሽ?»

«ቆዪኝ» አለች፣ የውሃውን ዕቃ እዚያው ጥላ እየተመለሰች። «እዚሁ ቆዪኝ።»

ቃል ለቃሚው የጻፈውን ስታነብ ዘመኗ አለፈ እንጂ የሰማውን ጠይቃው አታውቅም። ከቦርሳዋ ስር የጆሮ ማዳመጫ ፈልጋ ጎኑ ላይ ሰካችበት። መጀመሪያ የመጣው የድስት ፍላት የመሰለ ጩኸት ነበር። ዓይኗን ጨፈነች፤ አልቸኮለችም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዜማውን ከሕዝቡ ሳል ለይታ እንደምታዳምጠው፣ ጩኸቱን ወደ ጎን እየተወች ጠበቀች። እና መጣ፤ ጉሮሮው የተሰነጠቀ የአንድ ሰው ድምፅ፦

«አትዝጋ! ሐመዱ አለ!»

‹ለ›ውን ነክሶ ይዞታል።

«ወንድይፍራው!»

እየሮጠ መጣ፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገችለት። ድምፁ ለሁለቱም እንግዳ አልነበረም፤ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየችው።

«ይሄ... ደምሰው ነው።»

«ደምሰው ነው። በሩን እየለመነው ነበር። ሐመዱ በውስጥ አለ፣ አትዝጋ እያለው።»

«እኔ እኮ ደጋግሜ አነበብኩት!»

«ሁላችንም አነበብነው። አልሰማነውም እንጂ።»

ወንድይፍራው መገናኛ ሬዲዮኑን ከወገቡ መዘዘ። «ድንጋዩን አቁሙ! አትልቀቁ!»

«ኧረ ጌታዬ፣ ማሽኑን ያሞቅነው እኮ...» አለ ከላይ አንዱ።

«ሰው አለ አልኩህ! አ-ለ! ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ።»

ትርንጎ ከመቆሚያዋ አንዱን እግር ነቅላ የብረቱን በር ደበደበችበት። «ሐመዱ! አለህ?»

ደግማ መታች። «ሐመዱ! አለህ ወይ?»

ማዳመጫውን መልሳ አደረገችና ቃል ለቃሚውን ብረቱ ላይ ለጠፈችው። በመስኮቱ ላይ ፊደል ሲበራ በዓይኗ ጠርዝ ታያት፤ ነገር ግን አልዞረችም። ጆሮዋን ነበር የሰጠችው። ከሩቅ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ፣ ደከም ያለ ግን ጥርት ያለ ድምፅ፦

«አለሁ።»

በሩን ለመቁረጥ ጊዜ ወሰደ። ሐመዱ ከበሩ ኋላ ካለው የአደጋ መጠለያ ጓዳ የወጣው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ የአየር ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፎ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ «ተመስገን» አለች ትርንጎ፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ስለተናገሩ ተያይተው ፈገግ አሉ።

«ደምሰውስ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው።

«በጎን በር ወጥቷል፤ ይድናል ብለዋል።»

«ምሳውን እኔ ዘንድ ረስቶ ነው የወጣው» አለ ሐመዱ። «በልቼበታለሁ፤ ይቅር እንዲለኝ ንገሩልኝ።»

ዘህራ ገመዱን አልፋ ስትመጣ የከለከላት አልነበረም።

በኋላ ባለሙያዎች የበሩን አእምሮ ፈተው አዩት። በሩ በቃል የሚታዘዝ፣ ያውም ለፈረቃው አለቃ ብቻ የሚታዘዝ ነው። የሰማውን ድምፅ አስቀድሞ ወደ ፊደል ይገለብጠዋል፤ የሚያስበው ከዚያ ወዲያ ነው። ደምሰው ሲጮህ በሩ ጥቂት አመነታ፤ የጻፈውንም አነበበ። አለቃው ሐመዱ ያለውን እየነገረኝ ነው፣ ሐመዱ ደግሞ አለቃዬ አይደለም ብሎ ተዘጋ። አንዳች ብልሽት አላገኙበትም። ያደረገው ትርንጎና ወንድይፍራው ያደረጉትን ነው፤ ሰምቶ ሳይሆን አንብቦ ዘጋ።

ይህ ነገር ትርንጎን ብዙ አስገረማት። ሰው እንዲህ ያለ አዋቂ በር ሠርቶ፣ ያቺን የምላስ ቆየት ማለት ግን ፊደሉ ውስጥ አላኖረም። ምናልባት እርስ በርሳችን የምንሰማማ ስለመሰለን ይሆናል።

የሰነዱን ፎቶዎች ስታሰናዳ ከግድግዳው ፎቶ ሥር ማብራሪያዋን ጻፈች፦ «አትዝጋ፤ ሐመዱ አለ። ‹ለ› ጠብቆ ይነበብ።»

ወንድይፍራው ሊፈርምበት አነሳውና ቅንድቡን ሰቀለ።

«ማንን ጠብቆ?»

«ምን?»

«‹ጠብቆ ይነበብ› ይላል እኮ። አንባቢው ማንን ነው የሚጠብቀው?»

ትርንጎ ልታርመው አፏን ከፈተች። ከዚያ የዘህራ ከገመዱ ወዲያ መቆም ትዝ አላት፤ እሷም ራሷ በዚያ ፍላት ውስጥ ዓይኗን ጨፍና መጠበቋ።

«እንዲያም ብታነበው» አለች እየሳቀች፣ «አልተሳሳትክም። ፈርም።»