ባለ ሠላሳ አንዱ ሲጋር

የካፒቴኑ አስተርጓሚ ወልደ አማኑኤል፣ ኮልፌ ባለው የጣልያን ግቢ፣ በገዛ አልጋው ላይ በገመድ ታንቆ ተገኘ። ጊዜው ሚያዝያ 1931 ነው። ካፒቴኑ ከቢሮው ሰዎች ሌላ ግቢ ያደሩትን ሁለት ሰዎች፣ እንጨት ፈላጩን ቱሉንና ስኳር አቅራቢውን ሀምዱን፣ ባሕር ዛፍ ላይ አሳሰረ። ገዳዩ እስከ ቀትር ካልታወቀ ሁለቱም ይሰቀላሉ አለ። ቃሉን ለሕዝቡ የተረጎመው የሟቹ ረዳት ገሜዳ ነው፤ ከእንግዲህ ጣልያንኛ የሚያውቅ እሱ ብቻ ቀርቷል።

ቱሉ የልብስ አጣቢዋ የዋጋነሽ አንድ ልጅ ነው። እየሮጠች ወደ ሟቹ ክፍል ገባች። ወለሉ ላይ የሲጋር ሣጥን ተከፍቷል፤ አንድ ሲጋር ጎድሏል። ትናንት በቀትር የጠረጴዛ ልብስ ስታነሣ ይኸው ሣጥን እንደታሸገ ካፒቴኑ ፊት ነበር። ዘወር ስትል በሩ ላይ ከቆመው ከገሜዳ ኮት ኪስ፣ እንደ ሣጥኑ ሲጋሮች ቀይ የወረቀት ቀለበት ያለው ሲጋር ብቅ ብሏል።

«አንተ፣ ይሄን ማን ሰጠህ?»

«ሟቹ ነዋ፣ እትዬ! ባለፈው ሳምንት።»

«ምን ብሎ?»

«‹የቀለበቱን ቁጥር እይ፣ 1931 ይላል፤ ለዘንድሮ የተሠራ ነው› ብሎ። እርስዎ ፊደል ስለማይለዩ አይገባዎትም።»

«ፊደልህን ቀቅለህ ብላው!»

ሣጥኑን ታቅፋ ወጣች፤ ግን እውነቱን ለካፒቴኑ የሚያደርስላት አንደበት የገዳዩ ብቻ ነው።

በቀትር ሰፈርተኛው ተሰበሰበ። ገመዱ ተንጠልጥሏል። ዋጋነሽ ካፒቴኑ ፊት ቆመች።

«ስሙኝ! ሟቹ ሸሚዙን ስተኩስለት የሲጋር ቁጥር ያስረዳኝ ነበር። አንዱ ቁጥር ውፍረቱን ይናገራል፣ ሌላው ርዝመቱን። የዚህ ደግሞ ፋብሪካው የተከፈተበት ዓመት ነው፣ ያውም በፈረንጅ ዘመን አቆጣጠር። ፈረንጅ ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ደርሷል። ታዲያ ይሄን የሚያውቅ ሰው ሠላሳ አንድን የዘንድሮ ነው ይላል? በኛ አቆጣጠር አንብቦ የፈጠረው ገሜዳ ነው! ትናንት በቀትር የታሸገ ሣጥንስ ባለፈው ሳምንት ሲጋር ይወልዳል? ሲጋሩን ከሬሳው አጠገብ ነው ያነሣው። የገደለውም ለሟቹ ወንበር ነው፤ ይኸው ተቀምጦበታል!»

ገሜዳ ተረጎመ። ያ ሁሉ ንግግር በአፉ ሁለት ቃል ሆነ። ወታደሮቹ መጀመሪያ ቱሉን ፈትተው ጎተቱትና ገመዱን አንገቱ ላይ አጠለቁለት።

«ወይኔ ልጄን!» ብላ ተወርውራ ሲጋሩን ከገሜዳ ኪስ መነጨቀች፤ ካፒቴኑ ፊት በሣጥኑ ክፍት ቦታ ሰካችው፤ ልክ ገጠመ። ካፒቴኑ ፊቱ ተለወጠ። ሲጋሩን ከየት እንዳገኘው ገሜዳን በቋንቋው ጠየቀው።

ገሜዳ ላቡን እየጠረገ ያንኑ ደገመ፦ ባለፈው ሳምንት፣ ሟቹ ራሱ፣ የዘንድሮ ነው ብሎ።

ሣጥኑን ትናንት ማታ በገዛ እጁ ለሟቹ የሰጠው ካፒቴኑ ነበር። እርሳስ አወጣና በሣጥኑ ላይ፣ ከሲጋሩ ቀለበት ሥር፣ የፈረንጆቹን ዘንድሮ 1939 ብሎ ጻፈ። ገሜዳ ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ ወደ ኋላ ሸሸ።

ሀምዱ ተፈታ፤ ገመዱም ከቱሉ አንገት ወጥቶ ወደ ገሜዳ ዞረ። የተማረው ጣልያንኛ ከአፉ ጠፋ፤ በአማርኛ «ማሩኝ! እናቴን አስጠሩልኝ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ካፒቴኑ ምን እንደሚል በምልክት እንኳ የሚነግረው ሰው ፈልጎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ዓይኑ ዋጋነሽ ላይ አረፈ።

እሷ ግን የቱሉን እጅ አጥብቃ ይዛ ወደ ግቢው በር ሄደች።