መብራት ጠፍቶ የተላከ ምርቃት

ሰው ጅኒ አየሁ፣ ዛር ሰፈረብኝ፣ የሞተ ዘመዴ ጠራኝ ሲል ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፤ ድልድዩ ሥር ጭራቅ ገብቷል ተብሎ ሰፈሩ በጊዜ በር ሲዘጋ እንኳ፣ «ኪራይ እንዲህ በተወደደበት ዘመን ጭራቅስ የት ይግባ?» ብዬ ያሳቅሁት እኔ ነኝ፣ እናም አሁን የምነግርህን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ስቄ ነበር የምሸኘው፣ ግን በገዛ ሱቄ፣ በገዛ ዓይኔ ፊት የሆነ ነው፣ ምን ላድርግ።

ዘመኑ ገርጂ ላይ ፎቁና ኮንዶሚኒየሙ እንደ አሸን የሚፈላበት፣ ትናንት ጤፍ የነበረው መሬት ዛሬ ካፌ ሆኖ የሚያድርበት ነበር። እኔ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። ኢንተርኔት ቤት ስልህ ተራ እንዳይመስልህ፤ ከመገናኛ እስከ ጎሮ፣ የአትላስን ሆቴሎች ጨምረህ፣ እኔን የሚደርስብኝ አልነበረም። ያኔ የአንዱ ወንድም በዚህ ኩባንያ ቻት ይገባል፣ የሌላው እህት በዚያኛው፣ የሌላው እጮኛ በሦስተኛው፣ ሰው ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ እስኪገባ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ እኔ ግን ሁሉንም አካውንት በአንድ መስኮት የሚሰበስብ ነፃ ፕሮግራም አውርጄ ጫንኩ፣ በዚያን ጊዜ ኮኔክሽን ሳወርደው ጢሜ አድጓል፣ እመነኝ። አራት ኩባንያ በአንድ መስኮት ላይ ነው የምልህ፤ ለእያንዳንዱ ትንሽ ምልክት አለችው፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰው ሲገባ ትበራና «ጢው» ትላለች። ሰው ከቦሌ ድረስ ሊያያት ይመጣ ነበር ብልህ ትንሽ ነው ያጋነንኩት።

መጻፍ የማይሆንለት ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይናገራል፣ እኔ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍኩ እልካለሁ። በእነዚህ ጣቶች መርዶ አርድቻለሁ፣ ሽምግልና ልኬያለሁ፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፣ እርግጥ ግማሹን ከራሴ እየጨመርኩ ነው፣ ግን ማን ቅር አለው?

ጋሽ ገመቹ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማው ሳይመጣ በፊት ሱቄ ያለበትን መሬት በበሬ ያረሱ እሳቸውና አባታቸው ናቸው። ሚስታቸው፣ ልጃቸው ጫልቱ ገና ጡት ሳትጥል፣ ሞታባቸው ልጅቷን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ጫልቱ ታዲያ ሳትነግራቸው ዓረብ አገር ሄደች፣ እሳቸውም ተቀየሙ፣ ስሟ በቤታቸው መነሳት ቀረ። አሁን እዚያው ልታገባ ነው፣ ሠርጓ በደረሰ ጊዜ ግን «አባቴ ሳይመርቀኝ አዳራሽ አልገባም» ብላ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች እዚያ አገር ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ቁጭ አለች፣ ሙሽራው ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቃታል፣ እንግዶቹ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ተለምነው፣ ጋሽ ገመቹ በስተመጨረሻ ባርኔጣቸውን አድርገው ከቀትር በኋላ መጡልኝ። ለክብራቸው ስል በሩን ለሌላ ደንበኛ ዘጋሁ፣ ሱቁ ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን፣ ይህን ያዝልኝ።

«የት ናት?» አሉኝ ስክሪኑን እያዩ።

«ባሕር ማዶ ናት ጋሼ፣ የምጽፈውን ግን አሁኑኑ ታነበዋለች» አልኳቸው፣ ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብዬ።

ተነሥተው ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጻፍ እንግዲህ፣ ከእኔ እንዳታጎድል፣ ከራስህም እንዳትጨምር፣ አውቅሃለሁ።»

የረገጥሽው ይለምልም ብለው ጀመሩ፣ ጻፍኩ፣ የያዝሽው ይባረክ ሲሉ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩን መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ጢጥ ጢጥ እያለ ያዘው፣ መስመሩን የሚያገናኘው ሞደም ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበርና አብሮ ድርግም አለ፣ አራቱም ቀለሞች ደበዘዙ፣ የጫልቱም ምልክት ጠፋች። ጋሼ ብዬ ልነግራቸው ስል ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ምርቃት አይቋረጥም፣ ጻፍ» አሉኝ። ምን ላድርግ፣ ልባቸው ስንት ዓመት ቆይቶ ገና አሁን መከፈቱ ነው፣ እንዴት ብዬ ልዝጋው፤ ሲጨርሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ የማይደርሰውን መጻፌን ቀጠልኩ።

ያኔ ነው «ጢው» ያለው።

ድምፅ ማጉያው ራሱ መብራት የለውም፣ ልብ በል፣ ሽቦው የተሰካው ሞደሙ አጠገብ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ዝርዝሩ ላይ አንዲት ምልክት በርታለች፣ ቢጫም አይደለች፣ አረንጓዴም፣ የውሃ ነገር ናት፣ ቀለም የላትም፣ ስም የሚጻፍበትም ቦታ ባዶ ነው፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ «አሜን» ይላል። ጋሽ ገመቹ የሰው ፊት አያሳይሽ አሉ፣ ጻፍኩ፣ ጢው፣ ሌላ ምልክት፣ ሌላ አሜን። ወልደሽ ሳሚ ሲሉ ሁለት ሦስቱ ተከታትለው መጡ፤ እኔ ግን አንዲት ፊደል አልሳትኩም፣ ይሄን በኩራት ነው የምነግርህ። ከሁሉ የባሰብኝ የጋሽ ገመቹ ነገር ነው፤ ጆሯቸው ሚኒባስ ጥሩምባ ቢነፋበት የማይሰማ ሰውዬ፣ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ዝም ይላሉ፣ ጢው ሲል ይቀጥላሉ፣ እንደገና ዝም ይላሉ፣ ሰው ተሰብስቦ አሜን እስኪላቸው እንደሚጠብቅ መራቂ። መጨረሻ ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው ስክሪኔን አረጠቡት፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ፣ ዩፒኤሱም ያን ጊዜ ሞተ። አልደረሰም ብዬ ልነግራቸው የነበረውን ተውኩት፣ ምክንያቱም አለመድረሱን እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

መብራቱ በማግስቱ ገና ከመምጣቱ ጫልቱ ደወለችልኝ፣ አግብታለች፣ እየሳቀች ታለቅሳለች።

«ጋሽ ግዛቸው፣ ሰፈሩን በሙሉ ሰብስበህ ነው እንዴ ያስመረቅኸኝ? ስክሪኑ እኮ አሜን በአሜን ሆነ።»

«ያንቺ አልነበረም እንዴ አሜኑ?» አልኳት።

«እኔማ እንባዬ መቼ አስጽፎኝ፣ አንዲትም አልጻፍኩም። አባዬ ሲጨርስ ብድግ ብዬ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።»

ኮምፒውተር የሚጠግንልኝን ልጅ ጠየቅሁት፣ ፕሮግራሙ ጽሑፉን ይዞ ቆይቶ መብራት ሲመጣ ልኮት ይሆናል አለኝ፣ እሷ ግን መብራቱ ሳይመጣ ነው አንብባ ጨርሳ የተዳረችው፣ ስለ አሜኑ ደግሞ ስጠይቀው የሚጠግነው ሌላ ኮምፒውተር ትዝ አለውና ወጣ። ፈረንጆቹ አራት ኩባንያ አገናኘን ብለው ይኩራሩ፤ አምስተኛውን ያገናኘው የገርጂው ግዛቸው ነው እያልኩ ለወዳጆቼ አወራሁ፣ ሳቁልኝ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ዝርዝሩን ለመክፈት ግን ሳምንት ሙሉ እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ስከፍተውም አራቱ ቀለሞች ብቻ ናቸው።

ለጋሽ ገመቹ ለመንገር ቤታቸው ሄድኩ። ምርቃቱ ለልጅዎ ደርሷታል፣ ግን እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል አልኳቸው ጮክ ብዬ። ይደነግጣሉ ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አሜን ካሉት መሐል ሴትም ነበረች?» አሉኝ።

ስም የለ፣ መልክ የለ፣ በምን ልለይ? አንዲት አሜን ብቻ ትዝ አለችኝ፣ እናት ያጣሽበትን ቀን ትዳርሽ ያስረሳሽ ባሉ ጊዜ፣ ሌሎቹ ሁሉ ቀድመው ካሉ በኋላ ለብቻዋ፣ ዘግየት ብላ የመጣች።

«ነበረች፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ራሳቸውን በእሺታ ነቅነቅ አደረጉና ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ዋሽቼ ይሁን እውነቱን ተናግሬ፣ እመነኝ ወዳጄ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።