ነጯ መኪና ካልወጣች

እኔና ኪሩ የተዋደድነው በማይከፈልበት ሰዓት ነው። መሥሪያ ቤቱ ከወሰደብኝ ምሽቶች ሁሉ ያተረፍኩት እሱን ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ በኩል አለቃችንን አቶ ሰብስቤን አመሰግናለሁ። በሌላው በኩል ግን የምለው አለኝ።

የምንሠራው ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ነው። የአስመጪዎችን ሰነድ እናዘጋጃለን፤ ኪሩ ጉምሩክ ይመላለሳል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተጥጄ እውላለሁ። ሁለታችንም የምንኖረው አዳማ ነው። በውላችን ላይ የመውጫ ሰዓት አሥራ አንድ ተኩል፣ ቅዳሜ ደግሞ ስድስት ሰዓት ይላል። በግቢው ሕግ ግን የአቶ ሰብስቤ ነጭ መኪና ካልወጣች ማንም አይወጣም። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ግን ሲጥሰው አላየሁም። ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ያነሳ ሰው ካለ አቶ ሰብስቤ ፈገግ ይሉና «ቤተሰብ አይደለን እንዴ?» ይላሉ። አጠገቤ የምትቀመጠው ፎዚያ ያኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ትልና «ውርስ ላይም እንዲህ ይሉን ይሆን?» ትለኛለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሁሉ ጸጥ አለ። መኪናዋ ግን ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ስለዚህ ሁላችንም ድንግዝግዙ ውስጥ ቁጭ አልን።

«አሁን ምን እየሠራን ነው?» አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን።

«መኪና እየጠበቅን ነው» አለ ከኋላዬ ያለው ሰው። ኪሩ ነበር። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። እጁን ዘርግቶ እፍኝ ቆሎ ሰጠኝ። ፊቱ በደንብ አይታየኝም፤ እየሳቀ እንደሆነ ግን አውቄያለሁ። አብረን ቆረጠምን። ያን ቀን መብራቱ ቶሎ ባይመጣ ደስ ባለኝ።

ወራት አለፉና ነገራችን ለቤተሰብ የሚነገር ሆነ። አባቴ ገመዳ፣ ወለንጪቲ የሚኖር ገበሬ ነው። ሽማግሌ ይላክ ሲባል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ሽማግሌማ ማሞገስ ሥራው ነው። እኔ መጀመሪያ ልጁን ራሱን ልየው» አለኝ። ቅዳሜ አዳማ፣ አክስቴ ጂቱ ቤት ምሳ ላይ እንዲገናኙ ተቀጠረ። አባቴ ከብቶቹን ጥሎ ማደር ስለማይችል ከሰዓት በኋላ ይመለሳል።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተነሳሁ። መኪናዋ ቆማለች። ሰው ሁሉ አየኝ። ኪሩ ቀና ብሎ «አንድ ሰነድ ብቻ ጨርሼ እደርስብሻለሁ» አለኝ።

አልደረሰም። ምሳው ቀዘቀዘ። አክስቴ «አሁን ይመጣል» ማለት እስኪያሳፍራት ድረስ ደጋገመችው። ስደውልለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መኪናዋ አልወጣችም፣ ኢፍቱ» አለኝ። አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሳ።

«ልጄ፣ ሠራተኛ ሰው አልጠላም» አለ። «ግን ሲጠሩት መምጣት የማይችል ሰው፣ ሲቸግርሽ እንዴት ይደርስልሻል?»

መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ዝናብ አወራልኝ። አዝኖልኝ እንደሆነ ስለገባኝ የባሰ አንገበገበኝ።

ሰኞ ጠዋት በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ዲዳ «ጋሼ ሰብስቤ ዛሬም አልገቡም፣ ከሀዋሳ አልተመለሱም» አሉኝ።

«መቼ ሄደው ነው?»

«ቅዳሜ ገና በጠዋት ነዋ። በወንድማቸው መኪና።»

«ታዲያ ሰዎቹ እስከ ማታ ሲጠብቁ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔ ሥራ በዝቶባቸው መስሎኛል» አሉ ጋሽ ዲዳ።

ከሰውየው ተርፎ መኪናዋ እንኳ የምትፈራበት መሥሪያ ቤት። ቢሮ ሙሉ ሰው ከባዶ ወንበር ፈቃድ ሲጠብቅ ዋለ፤ አንዱም ብድግ ብሎ በሩን አላንኳኳም። ኪሩን ከቢሮው ጀርባ አገኘሁትና የሰማሁትን ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ፈርቼ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከሥራ ብባረር በምን አገባታለሁ ብዬ።»

«ካልመጣህስ በምን ታገባኛለህ?»

ዓይኔን ሊያይ ሞከረ፣ አልቻለም። እወደዋለሁ፤ ያን ጊዜም እወደው ነበር፣ ንዴቴም የመጣው ከዚያው ነው።

«አባትሽ እንደገና ይመጣሉ?» አለኝ።

«አይመጣም። አንተ ትሄዳለህ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ፣ መኪናዋ ቆማ፣ አቶ ሰብስቤም ቢሯቸው ተቀምጠው።»

«ባልችልስ?»

«ካልቻልክ አቶ ሰብስቤን አግባ» ብዬው ሄድኩ።

ሳምንቱን ሙሉ አልተነጋገርንም። ሰርቪስ ውስጥ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንዳንዴ ዞር ሲል በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። አቶ ሰብስቤ ቢሯቸው ናቸው፣ በሩም ክፍት ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ኪሩ ኮምፒውተሩን ዘጋ። ጃኬቱን ለበሰ። አቶ ሰብስቤ ከበሩ ብቅ አሉ።

«ወዴት ነው ኪሩ?»

«ሰዓቴ ደርሷል ጋሼ፣ ልሂድ።»

«የደንበኛው ሰነድ አላለቀም እኮ።»

«ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ይሆናል።»

«እንዲህ ነው እንዴ? እኛ ቤተሰብ መስለንህ አልነበር?»

«ቤተሰብ ልመሠርት ነው የምሄደው ጋሼ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ኢፍቱ፣ እንሂድ?»

ፎዚያ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ተነሳሁ።

አዳማ ወርደን የወለንጪቲ ታክሲ ያዝን። ኪሩ መንገዱን ሙሉ የኦሮምኛ ሰላምታውን ይለማመዳል፤ ረዳቱ ሳይቀር አረመው። አባቴ ደጃፉ ላይ አጥር ሲጠግን አገኘነው።

«አከም ጂርቱ፣ አባ» አለ ኪሩ ጎንበስ ብሎ።

አባቴ ሰላምታውን ገና ሳይመልስ የኪሩ ስልክ ጮኸ። አቶ ሰብስቤ ናቸው። ኪሩ እኔን አየኝ፣ አባቴን አየ፣ አነሳው።

«አይ፣ ዛሬ አልመለስም ጋሼ… ገብቶኛል… እሺ፣ ሰኞ እንነጋገራለን።» ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

«ማነው?» አለ አባቴ።

ሊዋሽ ይችል ነበር። «አሠሪዬ ናቸው። አሁኑኑ ካልተመለስክ ሰኞ እንዳትመጣ አሉኝ» አለ።

«ደነገጥክ?»

«አዎ፣ ደንግጫለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትመለስም?»

«ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ቀርቼ የት እንደደረስኩ አይቻለሁ። እርስዎን አስቀይሜ፣ ኢፍቱን ላጣት ነበር።»

አባቴ መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። ኪሩን ቀና ብሎ አየው። «ሥራውን ያጣ ሰው ልጄን አይወስድም» ቢለኝ ምን እላለሁ?

«ሥራ የፈታ ሰው ሥራ ያገኛል» አለ አባቴ። «ሽማግሌዎችህ ግን ጮማ የሚወዱ ከሆኑ አስቀድመህ ንገረኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ትገተሪያለሽ? ለእንግዳው ወንበር አምጪለት» አለኝ። ወንበሩን ፍለጋ ስገባ እያለቀስኩ ነበር።

ሰኞ ሁለታችንም ሥራ ገባን። አቶ ሰብስቤ ኪሩን ሲያዩት ቆሙ።

«እንዳትመጣ አላልኩህም?»

«ብለውኛል። እንግዲያው በደብዳቤ ይስጡኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስላልሠራ ተባርሯል ብለው ይጻፉልኝ።»

አቶ ሰብስቤ ሰውን ሁሉ በዓይናቸው ዞሩት። ማንም አንገቱን አልደፋም። ቢሯቸው ገብተው በሩን ዘጉ፤ ደብዳቤውም ሳይመጣ ቀኑ አለፈ። ነገ ሊመጣ ይችላል። ይምጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ነጯ መኪና እንደቆመች፣ ኪሩ ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ። ፎዚያ ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ የወንበር ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ። ግቢው ውስጥ ኪሩ በሰው ሁሉ ፊት እጄን ያዘኝ፤ አልነጠቅኩትም። ጋሽ ዲዳ ከሩቅ አዩን። እግረኛ በሚወጣበት ትንሿ በር ፈንታ፣ ለመኪና ብቻ የሚከፍቱትን ትልቁን በር ወለል አድርገው ከፈቱልን።