ዝናብ ያልነካው አስፋልት

ስሙኝማ፣ እኔ ባጃጄ ውስጥ ስለ ጋኔን የሚያወራ ተሳፋሪ ካለ «ወራጅ!» ብዬ መንገድ ላይ የምጥል ሰው ነኝ፣ ትምህርት ከስምንተኛ ባቋርጥም ማሰብ አላቋረጥኩም፣ ይሄን ስነግራችሁ «ቅሞ ነው» የሚል ካለ ከአሁኑ ይውረድ።

መጀመሪያ ግን ልናደድ። ኅዳር ላይ እኛ አገር ገበሬው ስንዴውን ከነአገዳው አስፋልት ላይ ያሰጣል፣ ለምን? መኪና እየሄደበት እንዲወቃለት! በሬው ይረፍ፣ ሾፌሩ ይሙት ነው ነገሩ። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትረግጥ ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ሲረጥብ ትንሽ ይጎትትሃል፣ እርጥብ አገዳ ላይ ግን፣ እመኑኝ፣ ፍሬን ያዝክ አልያዝክ ሳሙና ላይ ነህ። ስንቴ ተናገርኩ! ማን ሰምቶኝ፣ «ሂድ ወዲያ፣ ባጃጅ ነጂ» ብለው ይስቁብኛል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ከጥርባ ወደ ኮሶበር እየወረድኩ ነው፣ ከኋላ ጓደኛዬ አበባው ብቻ አለ፣ ማንም ያልጠራው ዝናብ ዱብ አለ። ኩርባውን ስዞር አስፋልቱ ሙሉ ስንዴ፣ መሀሉ ላይ አንዲት አሮጊት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ጎንበስ ብለው፣ እህሉ ሳይበሰብስ ለመሰብሰብ ይጣደፋሉ። ባልየው ዳር ላይ ጆንያ ይዘው ይጮሃሉ። ፍሬን ረገጥኩ። የፍሬን ሸራውን በዚያው ሳምንት ነው የቀየርኩት፣ አበባው ምስክሬ ነው። ጎማው ቆመ፣ ባጃጁ ግን አልቆመም፣ አገዳው ላይ ሽሽሽ እያለ ወደ ሴትዮዋ ይንሸራተታል። ክላክሱን ለቀቅኩት፣ አልሰሙም።

«ገደልካቸው!» አለ አበባው።

ከዚያ ቀጥ። ግንባሬ መስታወቱን መታው። ከእማማ ወገብ አንድ ክንድ ሲቀረን።

ወርጄ ጮህኩ፣ «እማማ፣ ይሄ አውድማ ነው? እርስዎን ገድዬ እኔ እስር ቤት ልበስብስ?»

አበባው እጄን ጎተተኝ። «ዝም በልና እታች እይ።»

የፊት ጎማው የቆመው ደረቅ አስፋልት ላይ ነው። ድርቅ ያለ፣ ግራጫ። ዙሪያውን ውሃ ይወርዳል፣ እዚያ ላይ ግን አንዲት ጭድ የለችም፣ ዝናቡ ሲወድቅበት በዓይኔ አያለሁ፣ አያርሰውም። ርዝመቱ የሰው ቁመት ነው፣ ጫፉ ላይ እንደ ጭንቅላት ክብ ይላል። በመዳፌ ነካሁት፣ ለብ ይላል፣ ልክ ሰው አሁን እንደተነሳበት መደብ።

እማማ ቀና አሉ። ያዩት እኔን አይደለም። ነጠላቸውን አውልቀው ደረቁን ቦታ አለበሱና፣ «አትጩህ ልጄ፣ ተኝቷል» አሉኝ።

«ማነው የተኛው?»

ባልየው መጥተው በአገውኛ ተቆጧቸው፣ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ዳር ሳቧቸው። ለእኔ ግን በአማርኛ፣ «እኛ የሞተብን የለም። የተኛው የማን ሰው እንደሆነ አናውቅም። እሷ እዚያች ላይ ስንዴ አታሰጣም፣ ዘልላት ነው የምታሰጣው» አሉኝ።

«ካወቃችሁ ለምን ሌላ ቦታ አታሰጡም?»

«ሌላውስ ቦታ ማን እንደተኛ በምን አውቀን?»

ከአበባው ጋር ሆነን ባጃጁን ወደ ኋላ ገፋነው። ጎማው የቆመው የዚያ የሰው ቅርጽ ደረት በሚሆንበት በኩል ነበር። ልክ ከዚያ ሲነሳ፣ ሁለታችንም ሰማን፣ ሸክም የወረደለት ሰው እንደሚተነፍሰው፣ ረጅም «እህህህ»። የባጃጁ ድምፅ ነው የሚለኝ አለ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነበር እኮ!

አሁንም በዚያው መስመር እሠራለሁ፣ አሁንም ያሰጣሉ፣ አሁንም እሳደባለሁ። ግን ፍሬን ይዤ በቆምኩ ቁጥር ወርጄ ከጎማው ሥር አያለሁ። ተሳፋሪው «ምን ጠፋብህ?» ይለኛል። ምን ልበለው? ማን ላይ እንደቆምኩ ልይ ልበለው?