ውጭ የምትቆም ልጅ

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። እኔ ሮማነወርቅ፣ ሃያ ዓመት ሞልቶኝም የወር አበባ አይቼ አላውቅም ነበር። ይህን ከእናቴ ከወይዘሮ ለተማርያም በቀር የሚያውቅ የለም። የሐረር ጎረቤት ደግሞ ሁሉን ያያል፤ ስለዚህ እማዬ በየወሩ ጥቂት ቀን ቤተ ክርስቲያን አታስገባኝም፤ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ውጭ ታቆመኛለች። ለሌለኝ ነገር ፀሐይ ላይ መቆም! ጠበሉም፣ ከድሬ ጠያራ የሚመጣው መራራ ሥርም ተሞክሮ ነበር። በቃ፣ ደክሞኝ ነበር።

ኪዳነወልድን ያገኘሁት እዚያው ውጭ ቆሜ ነው። ለፈረንጅ ሐኪም ያስተረጉማል።

«እኔስ ፈረንጁ ቤት ቁርስ በልቼ ነው ውጭ የቆምኩት፤ አንቺስ?» አለኝ።

«ሴት ልጅ እንዲህ ትጠየቃለች? ባለጌ!»

ደንግጦ አንገቱን ደፋ። እኔም ወደድኩት፤ ምን ላድርግ! በሚቀጥለው ወር ዓይኔ ከሰው መሀል እሱን ይፈልግ ጀመር።

ዓመት ሳይሞላ «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። ደብቄ ላገባው አልፈለግሁም፤ ልንገረው ስልም አፌ እምቢ አለኝ።

«መጀመሪያ ሐኪሙ ይየኝ» ብቻ አልኩት።

ሐኪሙ ፈላና በር አጠገብ ነበር የሚያክመው። ከኪዳነወልድ ሌላ አስተርጓሚ የለውም። የምታግዘው የፈረንጅ መነኩሲት አጠገቤ ሆና ሐኪሙ መረመረኝ፤ ኪዳነወልድ ከመጋረጃው ወዲያ ጠበቀ። ኋላ ሐኪሙ አስቀምጦን ብዙ ተናገረ። ኪዳነወልድ ወደኔ ሳይዞር መልሶ እሱኑ ጠየቀው።

«ተርጉም እንጂ!» አልኩት።

«ማሕፀን... አብሮሽ አልተፈጠረም። ከእናትሽ ሆድ ጀምሮ ነው፤ ያጠፋሽው ነገር የለም ይላል።»

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም። መራራውን ሥር ተዪው። ሌላው አካልሽ ጤነኛ ነው፤ ልጅ ግን አትወልጂም።»

ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻዬ ረገበ። በቃ፣ የለም ማለት የለም ነው።

ሐኪሙ ጨመረ።

«ለሚያገባሽ ሰው ሳትደብቂ ንገሪው ይላል» አለ ኪዳነወልድ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«ሰምቷል በለው። እናቱ የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ፤ ቢሄድም አልቀየመውም በለው።»

ወደ ሐኪሙ ዞሮ በፈረንሳይኛ ተናገረ። ሐኪሙ ተነሥቶ እጁን ጨበጠው።

«ምን አልከው?»

«እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ አልኩት።»

«እናትህስ?»

«ታለቅሳለች» አለ፤ እሱም እንደኔ ደክሞት ነበር። «እኔም አብሬያት አለቅሳለሁ። ከዚያ እሁድ ይመጣል።»